የጀልባ መቀመጫ ሻጋታ፦ ከላይ ነው ወይስ ከውስጥ?

ጀልባቸውን ለወራት ሸፍነው ካቆዩ በኋላ ሽፋኑን ሲገልጡ የሻገተ ቪኒል፣ እርጥብ ስፖንጅና የተተረተረ ስፌት ከጠበቃቸው አንባቢያን ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን በስድስት ጥያቄ መልሰናል። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ይለይ፦ ሻጋታው ያለው ቪኒሉ ላይ ነው ወይስ ቪኒሉ ሥር? ሥራው የግማሽ ቀን እጥበት ይሁን ወይስ መቀመጫውን ፈትቶ እንደገና ማልበስ፣ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ ለአምስት ወር ተሸፍና ቆማ ነበር። አሁን ስገልጣት ነጩ መቀመጫ በሙሉ ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል፤ በስፌቱ መስመር ላይማ ጭራሽ አረንጓዴ ሆኗል። በሳሙና ባጥበው ፈዘዝ አለ እንጂ አልለቀቀም። ጓደኞቼ «ከበረኪና ሌላ መድኃኒት የለውም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በረኪናውን ለጊዜው ይተዉት። ቪኒል ማለት ከሥሩ በጨርቅ የተደገፈ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ደግሞ በተፈጥሮው ግትር ነው፤ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ያው ነገር ነው። መቀመጫ ላይ እንደ ቆዳ የሚተጣጠፈው ማለስለሻ ፈሳሽ ስለተቀላቀለበት ነው። በላዩም በዓይን የማይለይ ስስ መከላከያ ቅብ አለው። በረኪና ሲደጋገም ይህን ቅብ ይበላዋል፣ የስፌቱንም ክር ያደክማል። ቅቡ የተበላ ቪኒል ላዩ ይሻክራል፤ የሻከረ ነገር ቆሻሻ ይይዛል፤ ቆሻሻ ደግሞ የሻጋታ ቀለብ ነው። በየዓመቱ በበረኪና የሚታጠብ መቀመጫ በየዓመቱ ፈጥኖ የሚሻግተው ለዚህ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። መቀመጫዎቹ የሚነቀሉ ከሆነ ወደ ውጭ፣ ጥላና ነፋስ ወዳለበት ቦታ ያውጧቸው። የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ (ኤን95 ቢሆን ይመረጣል)፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ደረቅ ሻጋታ በብሩሽ ሲነካ ዘሩ አየር ላይ ስለሚበተን መጀመሪያ በመርጫ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ነፋ ነፋ አድርገው ያርጥቡት።

ከዚያ 4 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡ። ሳሙናው የሚያነሳው ላብን፣ የሰውነት ቅባትንና አቧራን ነው። ይህ ሳይነሳ የሚረጭ ነገር ሁሉ ቅባቱ ላይ ይቀራል እንጂ ሻጋታው ጋ አይደርስም። በእርጥብ ጨርቅ አጥርተው ይጥረጉት። ውሃ በኃይል የሚረጭ ማሽን አይጠቀሙ፤ ውሃውን በመርፌ ቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ስፖንጁ ይሰዳል፤ ያን ጊዜ ከላይ የነበረውን ችግር ወደ ውስጥ አስገቡት ማለት ነው።

ቀጥሎ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው ይርጩና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በመሐል እንዳይደርቅ ደግመው ይርጩት። ስፌቱ ላይ ሲደርሱ በሁለት አውራ ጣትዎ ግራና ቀኙን ሳብ አድርገው መታጠፊያውን ይክፈቱት። አረንጓዴው የተከማቸው እዚያ፣ ክሩ ከቪኒሉ በሚገናኝበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ እንደሆነ ያያሉ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዘው በስፌቱ ርዝመት ይቦርሹ። ስፌቱን አቋርጠው ከቦረሹ የብሩሹ ፀጉር ክሩን እየነካካ ያበጣጥሰዋል። ከዚያ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያጥሩት።

ጥቁሩ ጥላ አሁንም ከቀረ 3 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እድፉ ላይ ብቻ ይርጩ፣ በጥላ ሥር 10 ደቂቃ ያቆዩና ይጥረጉ። ቪኒሉ ባለቀለም ከሆነ አስቀድመው በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በመቀመጫው ሆድ በኩል ይሞክሩት። አቼቶውንና ፐርኦክሳይዱን በአንድ ዕቃ አይቀላቅሉ፤ ሲቀላቀሉ ቆዳንና ሳንባን የሚያቃጥል አሲድ ይወጣቸዋል። በሁለቱ መካከል በውሃ ማጥራት ግድ ነው።

ይህም ካልበቃ ያን ጊዜ በረኪና ይምጣ፤ ያውም ለነጭ ቪኒል ብቻ፣ 1 እጅ በረኪና ለ10 እጅ ውሃ፣ በጨርቅ ተነክሮ እድፉ ላይ ብቻ፣ ከስፌት ራቅ ተደርጎ፣ ከ5 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ ይጠረጋል። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ፣ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የክሎራሚን ጋዝ ይፈጥራል። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ አቼቶ የነካውን ቦታ በደንብ ሳያጠሩ በረኪና አያስጠጉ።

አሴቶን፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የብረት ሱፍና የድስት መፈግፈጊያ ዱቄት ቪኒል ላይ ቦታ የላቸውም። ነጩ «ተአምረኛ» የሚባለው የሜላሚን ስፖንጅም እንደዚያው ነው። እድፉን ፈጥኖ ስለሚያነሳ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ሥራው ግን እጅግ ደቃቅ የካርታቬትሮ ሥራ ነው፣ እድፉን ከነመከላከያ ቅቡ ፍቆ ያነሳዋል።

ሲጨርሱ በደረቅ ፎጣ ያድርቁና መቀመጫውን በጎኑ አቁመው 24 ሰዓት ንፋስ ያስመቱት። ነጠብጣቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው ቦታ ከተመለሰ ግን ምንጩ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የእኔ መቀመጫ ጥቁር ሳይሆን ሮዝ፣ አንዳንድ ቦታም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ የደበዘዘ እድፍ አለው። ሳሙናውም አቼቶውም በረኪናውም ምንም አላደረገው። በምን ይለቃል?

መልስ፦ በሚታጠብ ነገር አይለቅም፤ ስለዚህ ቪኒሉን አያሠቃዩት። ይህ እድፍ ከላይ የወደቀ አይደለም። በስፖንጁ ወይም በቪኒሉ ጀርባ ጨርቅ ላይ የሚያድጉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቀለም ያመነጫሉ፤ ቀለሙ በቪኒሉ ማለስለሻ ውስጥ ሟሙቶ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎ የሚያዩት መጨረሻውን ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ በመቀመጫው ሆድ በኩል በአንድ ጎን ያሉትን የስቴፕለር ሽቦዎች ይንቀሉና ቪኒሉን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። እድፉ በጀርባው ሰፍቶና ደምቆ ከታየ ነገሩ አበቃ። እንደ ቲነር ያለ ጠንካራ አሟሚ ለጥቂት ቀን ሊያደበዝዘው ይችላል፣ ግን ይመለሳል፤ አሟሚውም ማለስለሻውን ይዞ ስለሚወጣ ቪኒሉ ይደርቃል። ላዩን ቀለም ቢቀቡትም ሮዙ በቀለሙ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። መፍትሔው ያንን ቁራጭ መቀየር፣ ሥሩ ያለውንም ስፖንጅ ማየት ነው። ስፖንጁ ሳይነካ ቪኒል ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲሱም በዚያው መንገድ ይበከላል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ እንኳ ስቀመጥበት ልብሴ ይረጥባል። ቪኒሉ ግን ደህና ነው። ፀሐይ ላይ ባቆየው ይደርቃል?

መልስ፦ ቪኒሉን ሳያወልቁ በፀሐይ ማድረቅ አይሆንም። ቪኒል ውሃ አያሳልፍም፤ የገባው ውሃ በስፌትና በሥር በኩል ነው የገባው፣ መውጫውም ያው ጠባብ ቀዳዳ ነው። ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ይሞቃል፣ ይተናል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ምን ያህል እንደረጠበ ለማወቅ ደረቅ ሶፍት አጥፈው ስፌቱ ላይ ያድርጉና በጉልበትዎ 30 ሴኮንድ ያህል ይጫኑት። ሶፍቱ ከረጠበ መፍታት አለበት። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሁለት መቀመጫዎች ካሉ ተራ በተራ አንስተው ክብደታቸውን ያመዛዝኑ፤ ውሃ የያዘው ወዲያው ይታወቃል።

ከመፍታትዎ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ ማዕዘኖቹ እንዴት እንደታጠፉ ይታይ። ሽቦዎቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀና አድርገው በፒንሳ ይሳቡ። በኃይል ቢጎትቱ ቪኒሉ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል፤ ያ ጠርዝ ደግሞ መልሰው የሚመቱበት ነው።

ስፖንጁ በቅርቡ ብቻ የረጠበ፣ ሽታና ጥቁር ነጥብ የሌለው ከሆነ ይድናል። በፕላስቲክ ጠቅልለው ውሃ በሚስብ ቫኪዩም ይሳቡት፣ ከዚያ በጥላ ሥር በጣውላ ርብራብ ላይ አቁመው ቬንትሌተር ያዙሩበት፣ በየጥቂት ሰዓቱም ያገላብጡት። ወፍራሙ ስፖንጅ እስከ አንድ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ አያድርጉት፤ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ሽታ ካለው ወይም ሲቀዱት ውስጡ ጠቆር ጠቆር ካለ ግን ይጣል። ስፖንጅ ውስጥ የተሰራጨ ሻጋታን በመርጨት አጠፋለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ መድኃኒቱ መሐሉ ድረስ አይደርስም፣ ቢደርስም ተጨማሪ እርጥበት ነው።

አዲሱን ስፖንጅ ሲገዙ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጥግግት ያለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በጣም የሳሳው ቶሎ ይጎደጉዳል። ሲቆርጡ ከአሮጌው ይልቅ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። ተጨማሪው ቪኒሉን ከውስጥ ገፍቶ ይወጥረዋል፤ ልክ በልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ላይ ቪኒሉ ይጨማደዳል፣ ጭምድዱ ላይም ውሃ ይቋጥራል። ለመቁረጥ የኤሌክትሪክ የዳቦ ቢላዋ ይመቻል። በላዩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስተር ጥጥ ይደርቡ፣ ከዚያ ስስ ፕላስቲክ ያልብሱት። ፕላስቲኩ የላይኛውንና የጎኑን ብቻ ይሸፍን፤ ሥሩ ክፍት ይሁን። ሙሉ በሙሉ ከጠቀለሉት የገባችው ጠብታ መውጫ ታጣለች።

ወደ መሠረቱ ጣውላ እንምጣ፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኮምፔርሳቶውን በካቻቢቴ ጫፍ በየቦታው ይውጉት። ገባ ካለ ወይም ንብርብሩ ከተላቀቀ በ12 ሚሊ ሜትር የባሕር ኮምፔርሳቶ (ውሃ በሚቋቋም ሙጫ የተጣበቀ) ይተኩት፤ አሮጌውን እንደ ልክ አድርገው ላዩ ላይ ያስምሩ። መዳብ ባለበት ኬሚካል የታከመውን እንጨት አይጠቀሙ፤ ኬሚካሉ የብረት ሽቦና ብሎን ይበላል። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ቀዳዳዎች በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይብሱ፣ ውሃ የሚወርድባቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ፣ ውሃ የማያስገባ ሙጫ) ይቀቡ፤ ጠርዞቹንና የቀዳዳዎቹን ውስጥ አይዝለሉ። ኮምፔርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው፤ ፊቱን ብቻ መቀባት ጣራ ሸፍኖ በር እንደመክፈት ይቆጠራል።

ሲያለብሱ ቪኒሉን 20 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ያሙቁት፤ ይለጠጣል። በአራቱም ጎን መሐል ላይ አንዳንድ ሽቦ ይምቱ፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ማዕዘን እየወጠሩ በየ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሩ ይቀጥሉ። ማዕዘኖቹ መጨረሻ ናቸው። አንዱን ጎን ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቪኒሉን ያጣምመዋል፤ ከጊዜ በኋላ የሚስተካከል ስህተት አይደለም፣ ተነቅሎ እንደገና ነው። ሽቦው የማይዝግ ይሁን፤ 316 የሚባለው ለጨው ውሃ ይሻላል። እግሩ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይብቃ፤ ረጅሙ 12 ሚሊ ሜትሩን ጣውላ ሊበሳው ይችላል። ተራው የስቴፕለር ሽቦ ዝጎ ይበጠሳል፣ ቪኒሉም ይለቃል፣ ዝገቱም በጀልባዋ ወለል ላይ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ቪኒሉ ጤነኛ ነው፤ ክሩ ግን በፀሐይ አልቆ በግማሽ ሜትር ያህል ተተርትሯል። ሙሉውን ማሠራት አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። በቆልማማ መርፌና ፀሐይን በሚቋቋም የፖሊስተር ክር በእጅ ይስፉት። የጥጥ ክር ይበሰብሳል፣ ናይለንም ለፀሐይ ደካማ ነው። ዋናው ነገር መርፌው በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ እንዲገባ ነው። ከጎናቸው አዲስ ቀዳዳ ከበሱ ቪኒሉ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በመጀመሪያው ጭነት መስመሩን ተከትሎ ይቀደዳል። ከተተረተረው ቦታ በፊትና በኋላ ጤነኛ በሚመስለው ስፌት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ደርበው ይስፉ። በማሽን አዲስ ቁራጭ የሚሰፋ ሰው ካለ ደግሞ 18 ቁጥር መርፌ ይጠቀም፣ የስፌቱም ርዝመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ጥያቄ፦ መቀመጫዎቹ ደብዝዘዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። የቪኒል ስፕሬይ ቀለም ያድናቸዋል?

መልስ፦ ለደበዘዘው አዎ፣ ለተሰነጠቀው አይ። ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን ቪኒል በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይጠፉት። ያለ ድምፅ ታጥፎ ከተመለሰ ማለስለሻው አለ። ነጭ መስመር ከወጣበት ወይም አዳዲስ ስንጥቅ ከከፈተ ደርቋል፤ ምንም ቅባት ማለስለሻውን ወደ ውስጥ አይመልስለትም። በእንዲህ ያለ ቪኒል ላይ የተቀባ ቀለም አንድ ሰው በተቀመጠበት ጊዜ አብሮ ይሰነጠቃል።

ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነጠላ ቀዳዳ ግን፣ ዙሪያው ለስላሳ ከሆነ፣ ይጠገናል፦ በቀዳዳው ሥር ከእሱ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጨርቅ ያስገቡ፣ ሲደርቅ የማይገትር የቪኒል ማጣበቂያ ይቀቡ፣ ጠርዞቹን አገናኝተው ክብደት ያስቀምጡበት፣ እስከ ነገ አይንኩት። ተራው ፈጣን ማጣበቂያ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር አይሆንም።

ወደ ቀለሙ ከሄዱ ሁሉም ነገር ያለው በዝግጅቱ ነው። በሳሙና ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው በጨርቅ አንድ ጊዜ ፈጠን ብለው ይጥረጉ። ከዚህ ቀደም ሲሊኮን ያለው ማብረቂያ ተቀብቶ ከነበረ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ያን ካዩ ቆመው እንደገና ይጠቡ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀው ስስ አድርገው ከሦስት እስከ አራት ዙር ይርጩ፣ በየመሐሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። አንድ ወፍራም ዙር የቪኒሉን የቆዳ መልክ ይደፍናል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ይቀራል። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት። ቪኒሉ ታጥቦም በጥቂት ቀን ውስጥ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ማለስለሻው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ቀለሙ አብሮት ይጣበቃልና አይቀቡት።

ጥያቄ፦ ካጸዳሁ በኋላ ምን ልቀባው? ደግሞ የፀሐይ ክሬም በነካበት ቦታ በረኪና ባደርግበት ጊዜ ብርቱካናማ ሆነብኝ።

መልስ፦ ከብርቱካናማው እንጀምር። ብዙ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ ያለው አቮቤንዞን ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ ዝገት የሚመስል እድፍ ይሠራል፤ በረኪና ደግሞ ያባብሰዋል። ቅባቱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያስለቅቁ፣ ከዚያ የሎሚ ጭማቂ ቀብተው 15 ደቂቃ ያቆዩና ይጠቡት። ዲት የሚባለው ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ደግሞ ቪኒልን ራሱን ያሟሟል፤ ከቀቡ በኋላ እጅዎንም እግርዎንም ፎጣ ላይ ያሳርፉ።

ለመከላከያ በውሃ የተሠራና የፀሐይን ጨረር የሚከላከል የቪኒል ቅባት፣ ጀልባዋ ፀሐይ ላይ በምትውልበት ወራት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ፣ ስስ አድርገው በጨርቅ ይቀቡ። የጎማ ማብረቂያና ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ለጊዜው ያበራል፣ በኋላ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ቪኒሉንም ይጎዳል።

ጀልባዋን ሲያቆሙ የሚነሱትን መቀመጫዎች በጎናቸው ያቁሙ፤ የማይነሱትን ክዳን በትንሽ እንጨት ከፍ አድርገው ይተዉ። ሽፋኑ አየር የሚያስተላልፍ ሸራ ይሁን፤ ከሥሩ ምሰሶ ይግባለት፣ ያለዚያ መሐሉ ጎድጉዶ ውሃ ይቋጥራል። መቀመጫ እርጥብ ሆኖ አይሸፈንም፤ በላስቲክ ከረጢትም አይታሰርም።